በማውስ የሚዞር ሞዴል፦ የአዟዟር ስልት የጥናት ዘዴ አካል ስለመሆኑ

አንድ ተመራማሪ የአጥንትን፣ የሕንፃን ወይም የሞለኪውልን ባለሦስት አውታር ሞዴል በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲመረምር ከሁሉ አብልጦ የሚደጋግመው ተግባር ማዞር ነው። የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ ይጎትታል፤ ሞዴሉም ይዞራል። ድርጊቱ እጅግ የተለመደ በመሆኑ በመመረቂያ ጽሑፎች የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ቦታ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። ሞዴሉ የተነሣበት ስካነር ዓይነት ይመዘገባል፤ የሶፍትዌሩ ስምና የዕትም ቁጥር ይጻፋል፤ የመለኪያ ነጥቦቹ ብዛት ይገለጻል። ተመራማሪው ሞዴሉን በምን ስልት እያዞረ እንደተመለከተው ግን ሳይነገር ይቀራል።

ይህ ዝምታ ተገቢ አይደለም። በማውስ ሞዴልን ማዞር በዓይንና በመረጃ መካከል የሚቆም የአሠራር ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ተመራማሪው ሳይሆን ሶፍትዌሩ ሲከፈት ይዞት የሚመጣው ነባሪ ቅንብር ነው። ስለዚህ የአዟዟር ስልት እንደ ማጉያ መነጽር ወይም እንደ መለኪያ መሣሪያ በዕውቀት ሊመረጥና ውጤቱ በዓይን ፍርድ ላይ በሚመሠረት ጥናት ሁሉ ሊገለጽ ይገባል። የሚከተሉት ክፍሎች የዚህን አቋም ምክንያቶች በቅደም ተከተል ያቀርባሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ቁጥር ለሦስት ጥያቄ

የችግሩ ሥር ቀላል ስሌት ነው። ማውስ በጠረጴዛ ላይ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለኮምፒውተሩም በእያንዳንዱ ቅጽበት ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይሰጣል። አንድ ቁስ በሕዋ ውስጥ ያለውን የአቀማመጥ አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ ግን ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። የሒሳብ ሊቁ ሌዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ አንድ ነጥቡ ባለበት የጸና ማንኛውም ቁስ ከአንድ አቀማመጥ ወደ ሌላው ምንም ያህል ተወሳስቦ ቢዞር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አቀማመጥ በአንድ ዛቢያ ዙሪያ በሚደረግ አንድ ዙር ማገናኘት ይቻላል። የዛቢያውን አቅጣጫ ለመወሰን ሁለት ቁጥር፣ የዙሩን መጠን ለመወሰን ደግሞ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። ማውሱ ሁለት ብቻ ስለሚሰጥ ሦስተኛውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ይላል። የሚያመጣው ሶፍትዌሩ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ወደ ቀኝ 5 እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ፊት 3 እርምጃ የሄደ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠውም የሚደርሰው እዚያው ነው። በዙር ግን እንዲህ አይደለም። እጀታው ወደ ተመልካቹ፣ አፉ ወደ ላይ የሆነ አንድ ጀበና ይታሰብ። ጀበናው በመጀመሪያ እንደቆመ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ቢዞር፣ ቀጥሎም ወደ ተመልካቹ 90 ዲግሪ ቢደፋ፣ አፉ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያያል፤ እጀታው ወደ ቀኝ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ መጀመሪያ ቢደፋና ቀጥሎ ወደ ቀኝ ቢዞር ግን አፉ ወደ ቀኝ፣ እጀታው ወደ ታች ይሆናል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ያው ናቸው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። በዚህም ምክንያት በማውስ ሞዴል የሚያዞር ሰው የእጁን እንቅስቃሴ በትክክል ቢያስታውስም እንኳ ቅደም ተከተሉን ካላስታወሰ ወደ ቀድሞው እይታ መመለስ ላይችል ይችላል።

ሦስት መልሶች

ለዚህ ጥያቄ ሶፍትዌር ሠሪዎች የሰጧቸው መልሶች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ቤተሰብ ሊጠቃለሉ ይችላሉ። የየራሳቸው ጥቅምና ዋጋ አላቸው።

የመጀመሪያው ተርንቴብል በመባል የሚታወቀው ነው። በዚህ ስልት ሞዴሉ እንደ እንዝርት ቀጥ ብሎ የቆመ ቋሚ ዛቢያ አለው። ማውሱ ወደ ጎን ሲሄድ ሞዴሉ በዚያ ዛቢያ ዙሪያ ይዞራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ደግሞ የተመልካቹ ከፍታ ይለወጣል። ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ሞዴሉ ወደ ጎን ማዘንበሉ፣ ዘወትር ዜሮ ሆኖ ይታሰራል። ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር ይህን ስልት ነባሪ አድርጎ ይከፈታል። ትልቁ ጥቅሙ ተጠቃሚው የትኛው ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ አለመጥፋቱ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በዛቢያው ጫፎች ላይ ነው። ተመልካቹ ከአናት በላይ ቀጥ ብሎ ሲደርስ ማውሱን ወደ ጎን መጎተት ሞዴሉን ወደ ጎኑ አያዞረውም፤ ምስሉን እንደ ጎማ ባለበት ያሽከረክረዋል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሥራውን ይቀይራል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ትራክቦል ይባላል። እዚህ ቋሚ ዛቢያ የለም። ተጠቃሚው ማውሱን በጎተተበት አቅጣጫ ሁሉ ሞዴሉ ይንከባለላል፤ ዛቢያው በስክሪኑ ላይ ከጉተታው አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ በየቅጽበቱ ይወሰናል። ሞዴሉ የትኛውንም ፊቱን ያለ መሰናክል ያሳያል። ዋጋው ግን ስውር ነው። ማውሱ ክብ ሠርቶ ወደ ተነሣበት ነጥብ ቢመለስ ሞዴሉ ወደ ተነሣበት አቀማመጥ አይመለስም። ለምሳሌ ሞዴሉ 30 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 30 ወደ ላይ፣ 30 ወደ ግራ፣ 30 ወደ ታች ቢዞር፣ እጁ አራት ማዕዘን ሠርቶ ከመነሻው ቢደርስም ሞዴሉ ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ዝንባሌ ይዞ ይገኛል። የሚያዘነብለውም እጁ ከዞረበት በተቃራኒው ነው። ይህ የሶፍትዌሩ ስሕተት አይደለም፤ በጀበናው ምሳሌ የታየው የዙር ጠባይ ነው። ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ትናንሽ ክብ በመሥራት ሞዴሉን ሆን ብሎ ሊያቃናው ይችላል። የማያውቅ ሰው ግን ሞዴሉ በራሱ ፈቃድ የሚጣመም ይመስለዋል።

ሦስተኛው በምናባዊ ሉል ላይ የተመሠረተው ነው። ሞዴሉ በመስታወት ሉል ውስጥ እንዳለ ይታሰባል፤ ተጠቃሚው የሉሉን ገጽ በጠቋሚው ይዞ ያዞረዋል። ማይክል ቼን፣ ጆይ ማውንትፎርድና አቢጌል ሴለን በ1988 ባሳተሙት ጥናት በማውስ የሚሠሩ አራት የማዞሪያ መንገዶችን አወዳድረው ነበር። ለውስብስብ ዙሮች አዳዲሶቹ መንገዶች ከተለመዱት ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎች የፈጠኑ መሆናቸውን አሳዩ፤ ከአራቱም ምናባዊው ሉል የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ኬን ሾሜክ በ1992 ያቀረበው አርክቦል ይህንኑ ሐሳብ አሻሻለው። ዊልያም ሃሚልተን በ1843 ባገኛቸው ኳተርኒየን በሚባሉ ባለአራት ክፍል ቁጥሮች ላይ የተመሠረተው ይህ ስልት በትራክቦል የታየውን መጣመም ያስቀራል፤ ቁልፉ ሳይለቀቅ ጠቋሚው ወደ ተነሣበት ነጥብ ቢመለስ ሞዴሉም ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ከሉሉ ውጭ ያለውን ባዶ ቦታ ይዞ መጎተት ደግሞ ሞዴሉን እንደ ሰዓት ዘንግ ያሽከረክረዋል። ዋጋው፣ ያው የእጅ እንቅስቃሴ በሉሉ መሐልና በሉሉ ጠርዝ የተለያየ ውጤት ማስከተሉ ነው።

የትኛው ይበልጣል? ጥያቄው አንድ መልስ እንደሌለው ቀጥሎ የመጡት ጥናቶች ይጠቁማሉ። በ2005 ባዴ፣ ሪተርና ፕራይም የተባሉ ተመራማሪዎች የማውስ ስልቶችን አወዳድረው፣ ተጠቃሚው ውጤቱን አስቀድሞ መገመት እንዲችል የሚያስፈልጉ መስፈርቶችን ዘርዝረዋል። ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ውጤት ይስጥ፤ የሞዴሉ ዙር ከእጁ አቅጣጫ ጋር ይስማማ፤ በተለያየ መንገድ ወደ አንድ ነጥብ የደረሰ ጠቋሚ አንድ ውጤት ያምጣ፤ የእጁ እንቅስቃሴ ምን ያህል ዙር እንደሚያስከትል ተጠቃሚው ማስተካከል ይቻለው። ከላይ ከተገለጹት ስልቶች እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟላ የለም። ትራክቦል የመጀመሪያውን ሲያሟላ ሦስተኛውን ያጣል፤ አርክቦል ሦስተኛውን ሲያሟላ የመጀመሪያውን ያጣል። አንዱን የመረጠ ሌላውን ትቷል፤ ስለዚህም ምርጫው ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

አናት ያለውና አናት የሌለው

ምክንያቱን ለማግኘት መነሻ የሚሆነው ጥያቄ ስለ ሶፍትዌሩ ሳይሆን ስለ ቁሱ ነው። ቁሱ በተፈጥሮው ወይም በአሠራሩ «ላይ» እና «ታች» አለው? ሁለት የአገር ውስጥ ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ።

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ስካነር ተለክተው ባለሦስት አውታር ሞዴል ተሠርቶላቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስን በሞዴል የሚያጠና የሥነ ሕንፃ ወይም የቅርስ ጥበቃ ተማሪ አናትና መሠረት ያለው ሥራ ይዟል። ዝናብ የሚወርደው ከላይ ነው፤ የአለቱ ሸክም የሚያርፈው ከታች ነው፤ የግድግዳው መዝመምም የሚለካው ከቁም መስመር አንጻር ነው። ሞዴሉን በትራክቦል ጥቂት ደቂቃ ያንከባለለ ሰው ሳያውቀው 5 ዲግሪ ያዘነበለ እይታ ፊት ሊቀመጥ ይችላል። የግድግዳውን መዝመም ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እያስተያየ የሚፈርድ ከሆነ የሶፍትዌሩን ዝንባሌ የሕንፃው አድርጎ ሊወስደው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስ ተርንቴብል ተገቢ ነው።

ሆኖም ተገቢው ስልትም የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የቤተ ጊዮርጊስ በእጅጉ የታወቀው ገጽታ በጣሪያው ላይ የተቀረጸው አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ መስቀል ነው፤ እርሱም የሚታየው ከአናት በላይ ቀጥ ብሎ ነው። ተርንቴብል የሚሰናከለው በዚሁ ቦታ ነው። ጣሪያውን ከላይ እያየ ወደ አንዱ ጎን ጥቂት ዘወር ሊል የፈለገ ተማሪ ማውሱን ወደ ጎን ሲጎትት መስቀሉ ባለበት ይሽከረከርበታል። ይህን ጠባይ የሚያውቅ ተማሪ ለጣሪያው ምርመራ ብቻ ስልቱን ለውጦ ወደ አርክቦል ይሄዳል። የማያውቅ ግን ከጣሪያው ጠርዝ በታች ያለውን ክፍል በቂ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ናት። ቅሪተ አካሏ በ2008 በአሜሪካ በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሥቶ ከ35 ሺህ በላይ ቁራጭ ምስሎች ተገኝተዋል። በ2016 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሉሲ ከዛፍ ወድቃ እንደሞተች የሚሟገት ጥናት ሲያወጡ፣ የትከሻዋና የጉልበቷ አጥንቶች ባለሦስት አውታር ፋይሎችም ለሕዝብ ተለቀቁ። የሙግታቸው ዋና መሠረት በቀኝ ክንዷ አጥንት የላይኛው ጫፍ የሚታየው የስብራት ቅርጽ ነበር። ቅሪተ አካሉን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ስንጥቅ በቅሪተ አካላት ዘንድ የተለመደና ከሞት በኋላም የሚደርስ ነው ሲሉ ተቃወሙ።

ክርክሩ የተነሣው በማውስ ምክንያት አልነበረም፤ በማውስም አይፈታም። ነገር ግን ፋይሉን አውርዶ ሁለቱን ወገኖች በራሱ ዓይን ሊመዝን የሚፈልግ ተማሪ ያንን አጥንት ማዞር አለበት። ከመገጣጠሚያው የተለየ የክንድ አጥንት ደግሞ በስክሪን ላይ አናት የለውም። በስካነሩ ውስጥ የተጋደመበት አቅጣጫ የአጋጣሚ ነው። ተርንቴብል ያንን አጋጣሚ እንደ እውነተኛ «ላይ» ይቆጥረውና ዛቢያውን በዚያ ላይ ይተክላል። የሚመረመረው ስንጥቅ ከዛቢያው ጫፍ አጠገብ ከወደቀ፣ በብዙ አቅጣጫ ሊታይ የሚገባው ቦታ ለእጅ አስቸጋሪ የሆነው ቦታ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስ ትራክቦል ወይም አርክቦል ይሻላል። ሞለኪውሎች፣ ድንጋዮችና የአፈር ቅንጣቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

እንቅስቃሴው ራሱ መረጃ ስለመሆኑ

አንዳንዶች ማዞር ወደ ተገቢው እይታ መድረሻ መንገድ ብቻ ነው፤ ከተደረሰ በኋላ መንገዱ ምንም አይለውጥም ይላሉ። ይህ አስተያየት የሰውን ዓይን አሠራር ይዘነጋል። ዋላክና ኦኮኔል በ1953 እንዳሳዩት፣ የቆመ ጥላው ጠፍጣፋ መስሎ የሚታይ ቁስ ጥላው ሲዞር ወዲያው ጥልቀት ያለው ሆኖ ይታያል። ስክሪን ጠፍጣፋ ነው፤ ተመልካቹ ጥልቀትን ከሚያገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ የመዞሩ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ዙሩ የተቆራረጠ ወይም ያልተጠበቀ ሲሆን የሚጎዳው ምቾት ብቻ አይደለም፤ የቅርጹ ግንዛቤም ነው።

ሼፐርድና ሜትዝለር በ1971 ያወጡት ታዋቂ ጥናት ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ሰዎች በተለያየ አቅጣጫ የተሳሉ ሁለት ቅርጾች አንድ መሆናቸውን ለመፍረድ የሚወስድባቸው ጊዜ በመካከላቸው ባለው የማዕዘን ልዩነት ልክ ያድጋል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። አእምሮ ማዞርን እንደ ሥራ ይሠራዋል ማለት ነው። እጅ ያዞረው ሞዴል አእምሮ ከጠበቀው ውጭ ሲሆን ተመልካቹ ይህን ሥራ እንደገና መጀመር አለበት። በአንድ ቀን 200 የራስ ቅል ሞዴሎች ላይ የመለኪያ ነጥብ የሚያስቀምጥ ተማሪ ድካሙ በነጥቦቹ ትክክለኛነት ላይ ምንም አያሳርፍም ብሎ አስቀድሞ መደምደም አይቻልም።

በተጨማሪም አንዳንድ ሶፍትዌሮች ሞዴሉ ከባድ ሲሆን እየዞረ ሳለ የሚያሳዩት ሙሉውን ሞዴል አይደለም። ፓራቪው ለምሳሌ፣ የሞዴሉ መጠን ከተወሰነ ልክ ካለፈ በሚዞርበት ጊዜ የቀለለና ዝርዝሩ የተቀነሰ ቅጂ ያሳያል፤ እጅ ሲቆም ሙሉው ይመለሳል። አሠራሩ ብልኅ ነው፤ ሆኖም ቀጭን ስንጥቅ የሚፈልግ ሰው በዙሩ ወቅት ስንጥቁ ባይታየው የለም ማለት እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። አቅማቸው አነስተኛ በሆኑ ኮምፒውተሮች ወይም በዘገምተኛ ኢንተርኔት ከሩቅ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ይህ ጉዳይ የዕለት ተዕለት ነው።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ልምድ ሁሉን ይፈታል» የሚል ነው። በአንድ ሶፍትዌር የኖረ ሰው እጁ ይለምዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ ሶፍትዌር አይኖርም። ሞዴሉን በአንዱ ያጸዳዋል፣ በሌላው ይለካዋል፣ በሦስተኛው ሥዕል ያወጣለታል፤ ሦስቱም የየራሳቸው የአዟዟር ስልትና የቁልፍ አደላደል ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ሶፍትዌር ራሱ ስልቱን ሲለውጥም ይታያል። ማትፕሎትሊብ የተባለው የፓይቶን ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዓመታት ማውስን ከከፍታና ከአግድም ማዕዘን ጋር ብቻ ያገናኝ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ በወጣው 3.10 ዕትሙ ግን አርክቦልን ነባሪ አድርጎ ሌሎቹን በምርጫ አቅርቧል። ከዕትሙ በፊትና በኋላ ያው የእጅ እንቅስቃሴ ሌላ እይታ ይሰጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመሣሪያ ወገን ይመጣል። ሦስቱንም ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሰጡ የእጅ መሣሪያዎች አሉ፤ ስለዚህ ችግሩ የማውስ ነው፤ ማውስ ሲቀር ይቀራል ይባላል። ኬን ሂንክሊና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳሳዩት በእርግጥም ባለብዙ አውታር መሣሪያ የያዙ ተጠቃሚዎች ትክክለኛነታቸው ሳይቀንስ እስከ 36 በመቶ ፈጥነው ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከዚያ ጥናት ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በቤተ ሙከራዎች ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን ዛሬም ማውስ ነው። ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ ለሁሉም ሥራ ያገለግላል። ብዙ ተማሪዎች እንዲያውም ማውስ እንኳ ሳይኖራቸው በላፕቶፕ የመዳሰሻ ሰሌዳ ይሠራሉ፤ መካከለኛ ቁልፍ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ለእነርሱ ሌላ መሰናክል ነው። ነገ ሊመጣ የሚችለው መሣሪያ ዛሬ የሚሠራውን ጥናት አያርመውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «የመጨረሻው ውጤት ቁጥር ነው» የሚለው ነው። ርቀት፣ ስፋትና ይዘት የሚሰላው ከሞዴሉ ነጥቦች ነው፤ ሞዴሉ ቢዞር ባይዞር አይለወጥም። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ለሚሰላ ልኬት ይህ ትክክል ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ሐሳብም እንዲህ ያሉትን ጥናቶች አይመለከትም። ነገር ግን ነጥቡን በእጅ የሚያስቀምጠው፣ ስንጥቁን «ጥንታዊ» ወይም «አዲስ» ብሎ የሚመድበው፣ ሁለት የሞለኪውል ገጾች ይገጥማሉ ብሎ የሚፈርደው ሰው እስከሆነ ድረስ፣ ቁጥሩ የሚነሣው ከዓይን ነው። ዓይኑ ያየውን የሚወስነው ደግሞ እጁ ያዞረው ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል?

ከዚህ የሚከተሉት ሐሳቦች ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ የሚሹ ናቸው።

አንደኛ፣ ተመራማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቁሱ አናት ያለው መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ፤ ስልቱንም በዚያው መሠረት ይምረጥ። ምርጫው በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ አለ። ብሌንደር ተርንቴብልንና ትራክቦልን በቅንብሩ ውስጥ ያቀርባል፤ ቪቲኬ በተባለው ቤተ መጻሕፍት ላይ በተሠሩ ብዙ መርሐ ግብሮችም አንድ ፊደል በመጫን ብቻ ሞዴሉ ለማውሱ የሚሰጠውን ምላሽ መለወጥ ይቻላል። አናት የሌለው ቁስ በተርንቴብል ብቻ ሊታይ ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ሞዴሉ በሁለት የተለያዩ አቀማመጦች ተጭኖ ይመርመር፤ በአንዱ ከዛቢያው ጫፍ የወደቀው ክፍል በሌላው ወገብ ላይ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ በመመረቂያ ጽሑፍና በጥናት ወረቀት የሚታተም እያንዳንዱ ባለሦስት አውታር ሥዕል የካሜራው አቀማመጥ አብሮት ይቀመጥ። ፓይሞል የአንድን እይታ ሙሉ መግለጫ በአንድ ትእዛዝ በ18 ቁጥሮች ይሰጣል፤ ፓራቪው የካሜራውን ሁኔታ በፋይል ያስቀምጣል፤ በማትፕሎትሊብ ከፍታውንና አግድም ማዕዘኑን መጻፍ ይቻላል። የማትፕሎትሊብ ነባሪ እይታ 30 ዲግሪ ከፍታና ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አግድም ማዕዘን ነው። በዚሁ እይታ የታተመ ሥዕል ሲታይ፣ እይታው ለመረጃው የሚስማማ በመሆኑ የተመረጠ ይሁን ወይም ማንም ስላልነካው የቀረ ይሁን አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቁጥሮቹ ከተጻፉ ግን ሌላ ተመራማሪ ያንኑ እይታ መልሶ ሊያገኘውና ከጎኑ ያለውን ሊያይ ይችላል። በሥዕል የቀረበ ማስረጃ የሚፈተነው እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰው ዓይን ፍርድ በሚሰጥባቸው ጥናቶች የጥናት ዘዴው ምዕራፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት፤ የትኛው የአዟዟር ስልት፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በስንት ተመልካች። ሁለት ተመልካቾች የሰጡት ፍርድ ሲለያይ ልዩነቱ የዕውቀት ነው ከመባሉ በፊት ሞዴሉን ያዞሩት በአንድ ዓይነት ስልት መሆኑ ይጣራ።

አራተኛ፣ ትምህርት ክፍሎች ሶፍትዌር ሲያስተምሩ ለማዞር ጥቂት ደቂቃ ይስጡ። የጀበናው ምሳሌ በማንኛውም መጽሐፍ ወይም ሣጥን በጠረጴዛ ላይ ሊታይ ይችላል። ያንን በእጁ የሞከረ ተማሪ፣ ሞዴሉ ሲጣመምበት ኮምፒውተሩን ከመርገም ይልቅ ምክንያቱን ይረዳል፤ መልሶም ያቃናዋል።

ባለሦስት አውታር ሞዴሎች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ትልቅ ተስፋ ይዘዋል። ከመቆለፊያ ሣጥን የማይወጣ ቅሪተ አካል፣ ለመድረስ ብዙ ሰዓት የሚያስጉዝ ቅርስ፣ በዓይን የማይታይ ሞለኪውል በአንድ ስክሪን ላይ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በጅማ የተቀመጠ ተማሪ በውጭ አገር ያለ ባለሙያ የሚያየውን ፋይል ራሱ ከፍቶ ሊያይና በፍርዱ ሊለይ ይችላል። ነገር ግን ፋይሉን ማግኘት ቁሱን ማየት አይደለም። ቁሱን የሚያየው በየትኛው በኩል እንዳዞረው፣ በየትኛው በኩል እንዳላዞረውና ለምን እንደሆነ መናገር የሚችል ተመራማሪ ነው።